ከፍራሹና ከብረቱ መካከል

ልጅየዋ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ሁልጊዜ የምታደርጋቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ። ብርድ ልብሱን እስከ እናቷ ትከሻ ትስባለች፤ ግንባራቸውን ትስማለች፤ ከዚያ የአልጋውን የጎን ብረት ወደ ላይ ታነሣለች። ብረቱ ቦታው ላይ ሲቀመጥ "ቀጭ" ይላል። ያንን ድምፅ ስትሰማ ሰውነቷ ዘና ሲል አያለሁ። "አደራ እህቴ፣ ይቺን ብረት እንዳታወርጂብኝ፤ እማዬ እንዳትወድቅ" ትለኛለች። እኔም "አታስቢ፣ እኔ አለሁ" እላታለሁ።

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ሁላችንም እንደምንለው ነርሲንግ ሆም፣ የሌሊት ሺፍት ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። እማማ 87 ዓመታቸው ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ ወዲህ ያለ ሰው እርዳታ አይነሡም። ጀርባቸው እንዳይቆስል ተብሎ በሞተር እየተነፋ የሚሞላና የሚጎድል የአየር ፍራሽ ተነጥፎላቸዋል። በዚያ ሁሉ ኮሪደር አማርኛ የማወራው ከእርሳቸው ጋር ብቻ ነበር። ስገባ ከሰላምታ በፊት "በላሽ?" ነው የሚሉኝ።

አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በኮሪደሩ ሳልፍ ከክፍላቸው ድምፅ ሰማሁ። ጥፍር ብረት ሲቧጥጥ የሚሰማ ዓይነት፣ ቀስ ያለ። ጩኸት ቢሆን ኖሮ ቀደም ብዬ በደረስኩ። ገባሁ። እግራቸው በብረቱ ጫፍ በኩል ወጥቶ ወለሉን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ወገባቸው ከፍራሹ ጠርዝ ተንሸራቷል። አንገታቸው ግን በፍራሹና በብረቱ መካከል ገብቶ፣ አገጫቸው ከታች ተይዞ፣ ፊታቸው ፍራሹ ውስጥ ተቀብሯል። በአንድ እጄ ትከሻቸውን ደግፌ በሌላው ፍራሹን ቁልቁል ተጫንኩትና የጥሪውን ደወል በክርኔ መታሁ። ጓደኛዬ ሮጣ መጣች። ስናወጣቸው አየር ሳቡ፣ እንደገና ሳቡ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ መልሰው "ጸሎት ላደርስ ነበር" አሉኝ።

አገጫቸው ሥር የቀረው ቀይ መስመር በሁለተኛው ቀን ጠፋ። ከእኔ ውስጥ ግን አልጠፋም። ያን ብረት ከፍ ብሎ እንዲያድር ቃል የገባሁት እኔ ነኝና።

በማግስቱ ጠዋት የጥገና ሠራተኛው ሜትር ይዞ መጣ። አልጋው ባዶ ሆኖ ሲለካ በፍራሹና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት ሦስት ጣት ብቻ ነበር። "ደኅና ነው" አለ። ነርሷ ግን "እስቲ ተጫነው" አለችው። ጉልበቱን ፍራሹ ጠርዝ ላይ አድርጎ ሲጫን አየሩ ወደ መሐል ሸሸ፤ ጠርዙም ሰመጠ። እንደገና ለካው። 14 ሴንቲ ሜትር። ሰውዬው ሜትሩን ሳያጥፍ ለረጅም ጊዜ ቆሞ አየው።

በዚህ ምዕራፍ የምጽፈው ስለዚያ ልዩነት ነው። ዕቃው ባዶውን ቆሞ ሲታይና ሰው ሲያርፍበት አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም፤ ብዙዎቹ አደጋዎች የሚመጡትም ባዶውን አይተን "ደኅና ነው" ስለምንል ነው።

የአልጋ ብረት ሰው እንደሚይዝ ከታወቀ ቆይቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍዲኤ የሚባለው፣ በ1995 ለሆስፒታሎችና ለነርሲንግ ሆሞች ማስጠንቀቂያ ላከ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ1985 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት ሰዎች በአልጋቸው ተይዘው፣ ተጠላልፈው ወይም ታንቀው የተገኙባቸው 803 አደጋዎች ለመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት ተደርገዋል። ከእነዚህ ውስጥ 480 ሰዎች ሞተዋል። 138ቱ ተጎድተው ተርፈዋል። የቀሩትን 185 ሰዎች ሠራተኛ ደርሶ ሳይጎዱ አውጥቷቸዋል። አብዛኞቹ ደካማ፣ አረጋውያን ወይም አእምሯቸው የተደናገረባቸው ሰዎች ነበሩ። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ 185ቱ ነው። በእነዚያ ሌሊቶች በእያንዳንዱ ኮሪደር አንድ ሰው በሰዓቱ አልፏል።

ስቲቨን ማይልስ የተባለ ሐኪም ከካራ ፓርከር ጋር ሆኖ በ1997 በአልጋ ብረት የሞቱ 74 ሰዎችን ጉዳይ መርምሮ አሳትሟል። ከመቶ 70ው የሞቱት ልክ እማማ እንደተያዙት፣ በፍራሹና በብረቱ መካከል ገብተው ፊታቸው ፍራሹ ላይ ተጭኖ ነው። ከመቶ 18ቱ አንገታቸው በብረቱ በራሱ ክፍተቶች ውስጥ ተይዞ ነው። የቀሩት ደግሞ ከአልጋው በከፊል ተንሸራተው፣ አንገታቸው ታጥፎ ወይም ደረታቸው በብረቱ ተጨንቆ። ታንቆ መሞት ሲባል ትግልና ጩኸት ይመስለናል። እዚህ ግን የአንድ ደካማ ሰው የራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ክንዱ ራሱን ለማንሣት አቅም የለውም፤ አፉ ጨርቅ ላይ ስለሆነ ድምፁ ከክፍሉ አይወጣም።

ከዚያ የልኬት ጉዳይ መጣ። በ1999 የአልጋ ፋብሪካዎች፣ ሐኪሞች፣ የታማሚ ተሟጋቾችና የመንግሥት ባለሙያዎች በአንድ የሥራ ቡድን ተሰባሰቡ፤ በ2006 ኤፍዲኤ ልኩን በመመሪያ አወጣው። መመሪያው የሰውን አካል ሦስት ቦታ ይዞ ይነሣል፦ ጭንቅላት፣ አንገትና ደረት። ለትንሽ ጎልማሳ ጭንቅላት የተወሰደው ልክ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በብረቱ ውስጥ ባሉት ክፍተቶች፣ ከብረቱ ሥርና በብረቱና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከዚህ ማነስ አለበት፤ ጭንቅላት ካልገባ አንገት አይገባምና። የብረቱ ጫፍ ከፍራሹ በላይ በሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ልኩ በግማሽ ይወርዳል፤ ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች መሆን አለበት። እዚያ አንገት ከጎን ስለሚገባ፣ በተለይ ቦታው እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ እንደ ሽብልቅ ይይዛል።

ሜትር በእጅ ባይኖር በአያቶቻችን መለኪያ እንሂድ። 12 ሴንቲ ሜትር አንድ ጋት ተኩል ያህል ነው። 6 ሴንቲ ሜትር አንድ ጋት አይሞላም። የእማማን አልጋ ፍራሹን ሳይጫን የለካ ሰው ጋት የማይሞላ ክፍተት ነበር ያገኘው። ስለዚህ መለካት ያለበት ፍራሹ ከብረቱ እስኪርቅ ወደ ሌላው ጎን ተገፍቶ፣ ጠርዙም ሰው እንደተኛበት ተጭኖ ነው።

መመሪያው ሰባት የመያዣ ቦታዎችን ይቆጥራል። እኔ የአራቱን ብቻ ነው የገለጽኩት፤ ሪፖርት ከተደረጉት አደጋዎች ከመቶ 80 ያህሉ የደረሱት በእነርሱ ነው። የሚበልጠው ጥያቄ አልጋው ከፋብሪካ ልኩን ጠብቆ ወጥቶ ሳለ ክፍተቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የሚመጣው ዕቃ ከዕቃ ሲቀላቀል ነው። አልጋው የአንድ ፋብሪካ ነው፤ ፍራሹ ሲያረጅ የተተካው የሌላ ፋብሪካ፣ በስፋቱ ሁለት ጣት ያነሰ። ብረቱ ሲሰበር ከመጋዘን ከሌላ አልጋ ተነቅሎ ተገጠመ። ብሎኑ ላላ። ለቁስል ተብሎ የአየር ፍራሽ መጣ። እያንዳንዷን ለውጥ ያደረገው ሰው በቅንነት ነው ያደረጋት። ድምሩን የተኛው ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። ለዚህም ነው የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ነርሲንግ ሆሞች የአልጋውን አካል፣ ፍራሹንና ብረቱን በየጊዜው አንድ ላይ እንዲመረምሩ የሚያዝዘው። ፍራሽ በተቀየረ ማግስት እንደገና መለካት አለበት። የነዋሪው ክብደት በእጅጉ ሲቀንስም እንደዚሁ፤ የከሳ ሰው ትናንት ባላለፈበት ዛሬ ያልፋል።

ታዲያ ብረቱን ለምን እናነሣለን? ከፍቅር ነው። ልጅየዋ ብረቱን ስታነሣ እናቷን ማቀፏ ነበር። እኔም ቃል ስገባላት ማታለሌ አልነበረም፤ አምኜ ነው። ብረት ከመውደቅ ያድናል የሚለው እምነት ግን አንድ ነገር ይረሳል፦ መነሣት የፈለገ ሰው ብረት ቢኖርም ይነሣል። ብረቱን ተሻግሮ ሲወድቅ ደግሞ ከፍራሹ ከፍታ ላይ የብረቱ ከፍታ ተጨምሮ ነው፤ ብዙ ጊዜም በጭንቅላቱ። ካልተሻገረ በጫፉ በኩል ይሾልካል። ሾልኮ ግማሽ መንገድ ላይ አቅም ያንሰዋል።

በ1987 ፕሬዝዳንት ሬገን የፈረሙበት የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ለነዋሪዎች ከሰጣቸው መብቶች አንዱ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ያለመታሰር ነው። ከዚያ በፊት አረጋውያንን በወንበርና በአልጋ በጨርቅ ማሰር የተለመደ ነበር፤ ለደኅንነታቸው ነው ይባል ነበር። ሰው ወርዶ መሄድ እየቻለ ብረቱ ከከለከለውም እስራት ነው ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። በ2016 የታደሰው ደንብ ደግሞ ብረት ከመገጠሙ በፊት ሌላ አማራጭ እንዲሞከር፣ ሰውየው ሊያዝ የሚችልበት አደጋ እንዲመዘን፣ ጥቅሙና ጉዳቱ ለነዋሪው ወይም ለወኪሉ ተነግሮ ፈቃድ እንዲገኝ ያስገድዳል። የእማማ ልጅ ያን ፈቃድ ፈርማለች። ስትፈርም የተነገራት ግን ስለ ጥቅሙ ብቻ ነበር፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉም የሕክምና ቃል። ቋንቋው እየከበዳት ስትፈርም እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። "ይሄ ብረት አንገት ሊይዝ እንደሚችል ያውቃሉ?" ብሎ የጠየቃት ሰው የለም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ዛሬ በየነርሲንግ ሆሙ የምትሠሩ ወገኖቼን የምለምነው፣ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በኦሮምኛም እንድትነግሩልኝ ነው።

ብረት ሁሉ ይነቀል አልልም። በግራ ጎናቸው ሽባ የሆኑ አንድ አባባ በእኛ ፎቅ ነበሩ፤ ግማሽ ብረት ይዘው ራሳቸውን ያገላብጡ ነበር፤ ያ ብረት ለእርሳቸው ክንድ ነው። አእምሯቸው ንጹሕ፣ ፍራሹ ጠንካራ፣ ክፍተቱም የተለካ ነበር። በአንድ ፎቅ ላይ ያው ብረት ለአንዱ ክንድ፣ ለሌላዋ ወጥመድ ይሆናል።

በብረቱ ምትክ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የማንቂያ ደወል ነው፤ ሰውየው ከአልጋው ሲነሣ የሚጮህ። እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ከ27 ሺህ በላይ ታማሚዎች ያለፉባቸውን 16 ክፍሎች ይዞ የተሠራና በ2012 የታተመ ጥናት ደወሉን በብዛት መጠቀም የመውደቅን ቁጥር እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በሌሊት ሺፍት ለሠራ ሰው ይህ አያስገርምም። ደወሉ ሲጮህ ሰውየው ቆሟል፤ አንቺ ግን አራት ክፍል ርቀሽ የሌላ ሰው ዳይፐር እየቀየርሽ ነው። ደንግጦ ሲዞርም ይወድቃል። ደወሉ ለምን እንደተነሣም አይነግርሽም፤ ሽንት ይሁን፣ ሕመም፣ ብርድ፣ ወይስ እንደ እማማ ዕድሜውን ሙሉ በሌሊት የሚያደርሰው ጸሎት።

የእማማን ፋይል ስናገላብጥ የመድኃኒታቸው ሰዓት፣ የደም ግፊታቸው፣ የቁስላቸው ስፋት ሁሉ ተጽፏል። ሌሊት ለጸሎት እንደሚነሡ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። ልጃቸው ታውቃለች፤ ማንም ስላልጠየቃት አልተናገረችም። እኔም በየሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲገላበጡ አያቸው ነበር። እንቅልፍ ያጡ መስሎኝ ብርድ ልብሱን አስተካክዬ እወጣለሁ።

ሁለተኛው ልብ ልንለው የሚገባ ዕቃ ማንሻው ነው። ሰው ከአልጋ ወደ ዊልቸር የሚያሻግረውን ይህን ማሽን በየነርሲንግ ሆሙ "ሆየር" ነው የምንለው፤ የአንድ አምራች ስም ነው፣ የማንም ፋብሪካ ውሃ አገር ቤት "ሃይላንድ" እንደሚባለው። የረዳቶችን ወገብ አድኗል፤ የማይንቀሳቀሱ ሰዎችን ከአልጋ አውጥቶ ፀሐይ አሳይቷል። ሰውየው የሚታቀፍበት ጨርቅ ስሊንግ ይባላል፤ አሠራሩን ለአገር ቤት ሰው ለማስረዳት ከአንቀልባ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። እናት ልጇን ከማዘሏ በፊት የአንቀልባውን ጠፍር ሳብ ሳብ አድርጋ ታያለች፤ ማንም ሳያስተምራት። እኛ 90 ኪሎ ሰው ከመሬት አንድ ሜትር አንሥተን ስንይዝ ያን ያህል እንኳ ሳናይ የምናነሣበት ቀን አለ።

ጨርቁን በብርሃን አቅጣጫ ዘርግተሽ ስታዪው ብዙ ይናገራል። የተሰፋበት ክር የተበጠሰ እንደሆነ፣ ማንጠልጠያው ቀለበት ጸጉር እንዳወጣ ገመድ ከሻከረ፣ ጨርቁ ቀለሙ ለቅቆ ከሳሳ፣ ወይም መጠኑና የሚሸከመው ክብደት የተጻፈበት ምልክት በእጥበት ጠፍቶ ከሆነ ያ ጨርቅ ሰው አይነሣበትም። በረኪናና የማድረቂያ ከፍተኛ ሙቀት ክሩን ውስጥ ለውስጥ ይበሉታል፤ ላዩ ደኅና መስሎ። መጠኑም እንደዚያው ነው፦ ሰፊ ከሆነ ሰውየው በመሐሉ ይሾልካል፤ ጠባብ ከሆነ ከፊቱ ይወጣል። ቀለበቶቹ ቀለም ያላቸው የቀኝና የግራው እንዲመሳሰል ነው። በቀኝ ትከሻ አረንጓዴ፣ በግራ ሰማያዊ ከተያዘ ሰውየው አየር ላይ ይዘማል። የማሽኑ እግሮች እስከ መጨረሻው ተከፍተው፣ ዊልቸሩ ፍሬን ተይዞ፣ ከዚያ ከፍራሹ ጥቂት ጣቶች ያህል ብቻ አንሥቶ ማቆም ያስፈልጋል። እዚያች ላይ ቆም ብሎ አራቱንም ማንጠልጠያ በእጅ መንካት። ስህተት ካለ ፍራሹ ከሥር አለ፤ ሰውየው ምንም አይሆንም።

እነዚህን ሁሉ የሚያውቅ ረዳትም ያጠፋል፤ ለምን እንደሚያጠፋ በግልጽ መነገር አለበት። አብዛኞቹ ማንሻዎች ሁለት ሰው ይፈልጋሉ፤ አንዱ ማሽኑን ይዞ ሌላው ሰውየውን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን ሁለተኛው ሰው የለም። አንዱ ቀርቷል፣ ሌላው ወደ ሌላ ፎቅ ተወስዷል፤ ዘጠኝ ሰው ለቁርስ መነሣት አለበት። እኔ ብቻዬን ያነሣሁባቸው ጠዋቶች አሉ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም ግን አላስቆመኝም። በፌዴራል ሕግ የነርስ ረዳት ሥልጠና ዝቅተኛው 75 ሰዓት ነው። እኔ ስማር ከዚያ ውስጥ ለማንሻው የደረሰው አንድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ የታቀፈውም ቀጭን የክፍል ጓደኛችን እንጂ እግሩ የተኮማተረ፣ ፈርቶ እጅሽን የሚይዝ ሽማግሌ አልነበረም። ሽማግሌው የሚፈራው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ነው። ፊቱን የሚያይለት ሁለተኛ ሰው ከሌለ በፍርሃቱ ይወራጫል፤ ሲወራጭ ማንጠልጠያው ይሾልካል። ስለዚህ የሰው እጥረት ራሱ የመሣሪያ ብልሽት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ እግሩ የጎደለ ማሽን በሥራ ላይ እንደማዋል።

ስለ ዊልቸሩ ብዙ አላስረዝምም፤ አንዲት ነገር ብቻ። ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን በመጫን ነው። ጎማው ሲበላ ወይም አየሩ ሲጎድል የፍሬኑ ብረት ጎማውን ይስትና ይንሸራተታል፤ እጀታው ግን ተቆልፎ ነው የሚታየው። ባዶውን ስትገፊው ይቆማል። ሰውየው ሊነሣ ክንዱን ተደግፎ ሲገፋው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እርሱም ባዶ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ፍሬኑን ማስያዝ ለሚረሱ አረጋውያን፣ ሲነሡ ጎማውን በራሱ የሚይዝ መሣሪያ አለ። የእግር ማስቀመጫውን ሳያነሡ በላዩ ቆመው ለመነሣት የሚሞክሩም አሉ፤ ያኔ ዊልቸሩ ወደ ፊት ይደፋል።

ውሃም በቧንቧ የሚመጣ መሣሪያ ነው። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ በ5 ሰከንድ ውስጥ ቆዳን እስከ ታች ያቃጥላል። 53 ዲግሪ ላይ አንድ ደቂቃ፣ 49 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህ ለጤነኛ ጎልማሳ ነው፤ የአረጋውያን ቆዳ የሳሳ ነው፣ ስኳር ያለበት እግርም ሙቀቱን ላይነግር ይችላል። በግድግዳው ላይ የተጻፈውን የሙቀት ልክ ከማመን በፊት ቴርሞሜትር፣ ቴርሞሜትር ከሌለ የራስ ክንድ። የኦክስጅን ነገርም አለ። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ግን በፍጥነት ያነድዳል፣ ስለዚህ በቱቦው አጠገብ ሲጋራም፣ ጧፍም፣ የሚጤስ ዕጣንም የለም። ይህን የምለው ዕጣን የሚወዱ አረጋውያን ስላሉን ነው። የኦክስጅኑ ጋንም ሳይታሰር አይቁም፤ ወድቆ አናቱ ከተሰበረ እንደ ሮኬት ይወረወራል።

የተበላሸ ዕቃ ሲገኝስ? በየቦታው "ሪፖርት አድርጉ" የሚል ጽሑፍ አለ። ሪፖርቱን ጽፎ ዕቃውን እዚያው መተው ግን ምንም ማለት አይደለም፤ ቀጣዩ ሺፍት ሲመጣ ይጠቀምበታል። አንዲት ፊሊፒናዊት ባልደረባዬ ያስተማረችኝን ዛሬም አደርጋለሁ። የላላ ፍሬን ያየች ጊዜ ዊልቸሩን ገፍታ ጽዳት ክፍል ታስገባውና፣ መቀመጫው ላይ "ሰው አይቀመጥበት" የሚል ወረቀት በፕላስተር ለጥፋ፣ ከዚያ ነበር ሪፖርቱን የምትጽፈው።

ስለ አገር ቤት ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በኢትዮጵያ አብዛኞቹ አረጋውያን የሚያረጁት በቤታቸው፣ በልጆቻቸው መሐል ነው። ውጭ ያለን ልጆች ግን እናት ስትተኛ መጀመሪያ የምናስበው የሆስፒታል አልጋ መላክ ነው። አንድ ዘመዴ ቤት ያየሁት አልጋ ከዚህ በኮንቴይነር የሄደ፣ ብረቱ ያማረ ነበር፤ ፍራሹ ለመጓጓዣ አይመችም ተብሎ ስለቀረ ስፖንጁ እዚያው ተገዝቷል። ስፋቱ አንሶ በሁለቱም ጎን ክፍተት ቀርቷል። አሮጊቷ በሚገላበጡበት በኩል በጥቅልል ብርድ ልብስ ደፍነውታል፤ እርሱም ሲጫኑት የሚሰምጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው የሕክምና መሣሪያ ልገሳ መመሪያ ከሚመክራቸው ነገሮች መካከል ዕቃ ከነተጓዳኙና ከነአጠቃቀም መጽሐፉ እንዲላክ የሚለው አለበት። አልጋ ለምትልኩ፣ ለቤተሰብም ይሁን ለአረጋውያን መርጃ ማዕከል፣ ፍራሹን አትተዉት። ካልተቻለ ብረቱን ፈትታችሁ አልጋውን ብቻ ላኩ። ዝቅ ያለ አልጋ ያለ ብረት ይሻላል።

ለእማማም የተደረገው ይኸው ነበር። ብረቱ ተፈታ። የአየር ፍራሹ ጠርዙ በጠንካራ ስፖንጅ በተከበበ ሌላ ተተካ። አልጋው ሲተኙ እስከ መጨረሻው ዝቅ ይላል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ እናንጥፍ ስንል የአካል ሕክምና ባለሙያዋ "ሲደገፉ ቆመው የሚሄዱ ሰው ናቸው፣ እግራቸው ይጠለፍበታል" ብላ ከለከለችን፤ ልክ ነበረች። ፋይላቸው ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ ሌሊት 8 ሰዓት ከ45 ላይ እንዲነሡ ይታገዙ። መጸዳጃ ቤት አድርሻቸው፣ ጎማ የሌለው፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል አስቀምጣቸዋለሁ። ነጠላቸውን አስለብሳቸዋለሁ። ጸሎታቸው 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሌሎችን ደወል እያየሁ እጠብቃለሁ። ከዚያ እስኪነጋ ሳይገላበጡ ይተኛሉ።

ልጅየዋ ብረቱ በተፈታ ማግስት ስትመጣ ሁሉንም ነግሬያት ነበር፤ ሜትሩንም አምጥቼ ፍራሹን ተጭኜ አሳይቻታለሁ። ያን ማታ ብርድ ልብሱን ሳበች፣ ግንባራቸውን ሳመች። ከዚያ እጇ በልማድ ወደ አልጋው ጎን ሄዶ የሚይዘው አጣና እዚያው አየር ላይ ቆመ። ወደ እኔ አየች። ትንሽ ቆይታ ከቁም ሳጥኑ ነጠላውን አወጣችና በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር መደገፊያ ላይ አጥፋ አስቀመጠችልኝ።